የተማሪው ማዕድ ከጋምቤላ ምድር ይነሣ

ሰው ሠርቶ ለመኖር አስቀድሞ መብላት ይኖርበታል፤ እርሱ እንዲበላ ደግሞ ሌላው አርሶ፣ አጥምዶ፣ አልቦ፣ ፈጭቶና ጋግሮ ማቅረብ አለበት። ይህ ማንም ሊክደው የማይችል እውነት ነው። እጅግ ግልጽ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአንድ የተማሪ ትሪ ላይ የቀረበ እንጀራ የገበሬው ላብ፣ የጭነት መኪናው ነዳጅ፣ ከጫካ የተቆረጠው ግንድ፣ በጭስ የቀላው የጋጋሪዋ ዓይንና ከሕዝብ ካዝና የወጣው ገንዘብ በአንድነት የተገናኙበት ውጤት ነው። ትሪው ግማሹ ሳይበላ ወደ ቆሻሻ በርሜል ሲገለበጥ አብሮ የሚገለበጠው ይህ ሁሉ ነው።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ሲነገር አብዛኛው ሰው ዓይኑን የሚጥለው በመማሪያ ክፍሉ፣ በቤተ መጻሕፍቱና በቤተ ሙከራው ላይ ነው። ወጥ ቤቱን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን የሚገኙት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪውን በግቢያቸው አሳድረው በቀን ሦስት ጊዜ የሚመግቡ ስለሆኑ፣ በተተከሉባቸው ከተሞች ከዋነኞቹ የእህል ሸማቾችና ከዋነኞቹ የማገዶ ተጠቃሚዎች መካከል ይቆጠራሉ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሥራ የጀመረው ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እንደሚከተለው ነው፦ በባሮ ዳር የተተከለ ዩኒቨርሲቲ ማዕዱን ከየት ማንሣት፣ በምን ማብሰልና ትራፊውን ወዴት ማድረስ ይገባዋል? ጥያቄው የግቢው አስተዳደር ብቻ አይደለም። የጋምቤላ ከተማ የቀበሌ ነዋሪ ዓሣና በቆሎ የሚሸምተው ከዚያው ገበያ፣ ማገዶውን የሚያገኘውም ከዚያው ጫካ ስለሆነ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተዋል። በወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ የሚውለውን ሠራተኛማ ከማንም በላይ ይመለከተዋል።

ገንዘቡ ወዴት ይፈስሳል?

እንደሚታወቀው ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይታሰብ የነበረው ሒሳብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር፣ በኋላም 22 ብር ነበር። በዚህ ሒሳብ ሦስት ገበታ ለማቅረብ ወጥ ቤቶች ያዩትን ጭንቅ ማንም ሸማች ራሱ ሊገምተው ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ሒሳቡ ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። የኑሮ ውድነት ከጭማሪው ብዙውን ክፍል የሚውጠው ቢሆንም የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ቀላል አይደለም። አንድ ሺሕ ተማሪዎችን ብቻ የሚመግብ ወጥ ቤት በቀን 100 ሺሕ ብር፣ በወር 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ከመንግሥት ካዝና ወጥቶ ወደ ሩቅ የእህል ነጋዴና ወደ ጭነት መኪና ባለቤት ሄዶ በጋምቤላ ላይ ጥላውን ብቻ ጥሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው፣ በኢታንግ በቆሎ ለሚዘራው፣ በባሮና በጊሎ መረብ ለሚጥለው፣ በጎደሬና በመንገሺ ቀፎ ለሚሰቅለው፣ በላሬና በጂካዎ ከብት ለሚያረባው አምራች ደርሶ በዚያው በክልሉ ሌላ ምርት መውለድ ነው። ወደ የትኛው እንደሚፈስ የሚወስነው በዕቃ ግዢ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚዘጋጀው የጨረታ ሰነድ ነው። ሰነዱ ተራ ወረቀት ቢመስልም የብዙ ሰው ኑሮ የሚፈረድበት ስፍራ መሆኑ ሊጤን ይገባዋል።

ማለፊያ የነበረች ከተማ

የጋምቤላ ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያስተምረው አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 በአጤ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ድረስ ይመጡ ነበር። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ከደጋ በሸክም እየወረደ በዚህ ወደብ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ በጋምቤላ በኩል ብዙ ሀብት አልፏል። የአካባቢው ነዋሪ ድርሻ ግን በአብዛኛው ሲያልፍ መመልከት ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በድርቅ ከተጎዱት አካባቢዎች የመጡ ወገኖች በጋምቤላ እንዲሰፍሩ ሲወሰን፣ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎችና መምህራን የሠፈራ ጎጆ ለመሥራት ወደ ስፍራው ዘምተው ነበር። የተራበን ወገን ለማዳን የተከፈለው ጉልበት የሚናቅ አይደለም። ዕቅዱ ግን የአካባቢውን ሕዝብ ፈቃድ ሳይጠይቅ ከላይ የወረደ ስለነበረ፣ ደን ተመንጥሮ ነባሩ ነዋሪ ከለመደው መሬት ተገፋ፤ ሠፋሪውም ከማያውቀው የአየር ጠባይና ከወባ ጋር ተፋጠጠ። በዚያው ዘመን በአቦቦ የተገነባው የአልዌሮ ግድብም 10 ሺሕ ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት ውኃውን አጠራቅሞ ያለ በቂ አገልግሎት ቆሟል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በሩቅ ሆኖ የታቀደ፣ አምራቹንና ተመጋቢውን ያላማከረ የምግብ ሥራ ዕድሜ የለውም። የዩኒቨርሲቲውን ማዕድ ለማሻሻል የሚነሣ ማንኛውም ሐሳብ ይህን ስሕተት እንዳይደግም መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ምድሩ የሚሰጠው

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ሞቃት ቆላ ናት። ዝናቧ በአመዛኙ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። በነሐሴና በመስከረም ባሮ ከአፉ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ጉዳት ያደርሳል። ውኃው ሲሸሽ ግን ለም ደለል ትቶ ይሄዳል። የአኙዋ ገበሬ በዚህ ደለል ላይ በቆሎ መዝራትን ከአባቶቹ የተማረው ሲሆን፣ በዝናብ ወራት ከሚያገኘው ሌላ ሁለተኛ ምርት የሚያነሣበት ብልኃት ነው። ኑዌሩ ከብቱን በበጋ ወደ ወንዝ ዳር፣ በክረምት ወደ ከፍታ እየነዳ ወተት ያገኛል። ማጃንግ በደኑ ውስጥ ማር ይቆርጣል፣ ሥራ ሥር ይተክላል። የማጃንግ ደን እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው ይህን የመሰለ አኗኗር ደኑን ጠብቆ ስላቆየው ጭምር ነው። ኦፖና ኮሞም የየራሳቸው የእርሻና የአደን ዕውቀት አላቸው።

በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ባሚያ፣ ዱባ፣ ጎደሬ፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ማር፣ ወተት፣ ዓሣ፤ ይህ ሁሉ በክልሉ የሚገኝ ነው። የባሮ አኮቦ ተፋሰስ ብቻውን ከ100 የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት ሲሆን፣ በዝርያ ብዛት ከአገራችን ተፋሰሶች ሁሉ ቀዳሚ ነው። ናይል ፐርች፣ አምባዛና ቆሮሶ በከተማይቱ ገበያ የታወቁ ናቸው። በማንጎ ወራት ፍሬው ገዢ አጥቶ በየዛፉ ሥር ሲበሰብስ ማየትም ለነዋሪው እንግዳ አይደለም።

ይህን ሁሉ ይዞ፣ የግቢው ገበታ በአመዛኙ ከደጋ በሚጫን ጤፍ ላይ ከቆመ፣ እያንዳንዱ ኩንታል ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅ ገበያ ዋጋና በመንገዱ ሰላም ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። መንገድ በዝናብ ወይም በጸጥታ ችግር በተዘጋ ቁጥር ወጥ ቤቱ ይጨነቃል፤ ተማሪው ይራባል፤ የተራበ ተማሪ ባለበት ግቢ ደግሞ ትምህርትም ሰላምም አይጸናም።

የጤፉ ጥያቄ

በዚህ ላይ አንዳንድ ወገኖች የሚያቀርቡት ተቃውሞ አለ። «እንጀራ የገበታችን ክብር ነው፤ ተማሪውን ገንፎና የበቆሎ ቂጣ ብሉ ማለት ዝቅ ማድረግ ነው» ይላሉ። ተቃውሞው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ከወሎ፣ ከሸዋ ወይም ከአርሲ በምደባ የመጣ ወጣት ከቤተሰቡ ርቆ ባለበት ጊዜ የለመደውን ምግብ መሻቱ ተፈጥሯዊ ነው። ጤፍም በንጥረ ነገሩ የተመሰገነ እህል ነው። ስለሆነም እንጀራን ከግቢው ማስወጣት የሚል ሐሳብ እዚህ አልቀረበም።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው አንድ የተደበቀ ሚዛን መያዙ መገለጥ አለበት። የደጋው ምግብ ክብር፣ የቆላው ምግብ ውርደት የሚሆነው በማን ዓይን ነው? በክልሉ ተወልዶ በክልሉ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአኙዋ ወይም የኑዌር ልጅ፣ እናቱ ያሳደገችበት የበቆሎና የማሽላ ምግብ፣ የዓሣ መረቅና ወተት በግቢው ገበታ ላይ ፈጽሞ የማይታይ ከሆነ፣ ያ ገበታ ምን እየነገረው ነው? «ባህልህ ከግቢው በር ውጭ ይቆይ» ከማለት ይለያል? የሕዝቦች እኩልነት በንግግር ብቻ ሳይሆን በድስት ውስጥም ሊታይ ይገባዋል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በቆሎና ማሽላ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገር እንጀራ በአገራችን ብዙ ቤተሰብ ዘንድ የተለመደ ነው። ቅልቅሉን ጋጋሪዎቹ ራሳቸው ሞክረው፣ ተማሪው ቀምሶ አስተያየት ሰጥቶበት ሊወሰን ይችላል። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ዓሣ፣ የተወሰኑ ቀናት የባሚያና የዱባ ወጥ፣ ለቁርስ የማሽላ ገንፎ ከወተት ጋር ማቅረብ ይቻላል። በጾም ወራት ዓሣ መብላትን በሚመለከት አማኞች የተለያየ ልማድ ስላላቸው፣ በእነዚያ ቀናት ሽሮና ምስር ከገበታው መጉደል የለባቸውም። ባቄላው፣ ሽምብራውና ምስሩ ወደፊትም ከደጋ መምጣታቸው አይቀርም፤ ደጋና ቆላ ምርታቸውን መለዋወጣቸው የቆየና ጠቃሚ ነገር ነው። መቅረት ያለበት በቅርብ የሚገኘውን ንቆ ሁሉን ከሩቅ መጠበቅ ነው።

የጫካው ዕዳ

ከእህሉ ቀጥሎ የሚመጣው የማገዶው ጥያቄ ነው። እንጀራ መጋገር ከምግብ ሥራዎች ሁሉ ብዙ እሳት የሚበላ መሆኑን ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች። በአገራችን ቤተሰቦች ለምግብ ማብሰያ ከሚጠፋው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው በምጣድ ሥር የሚነድ ነው። ምጣዱ በደንብ መጋል አለበት፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲነድ ደግሞ አብዛኛው ሙቀት ወደ አየር ይበተናል። ይህ በሺሕ በሚቆጠር እንጀራ ሲባዛ የሚቆረጠውን ዛፍ ብዛት መገመት አያዳግትም።

የጋምቤላ ደን ደግሞ ሌላም ሸክም አለበት። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት የተሰደዱ ከ300 ሺሕ የሚበልጡ ወገኖች በክልሉ መጠለያ ጣቢያዎች ተጠግተዋል። እነርሱም ማብሰያ ይሻሉ። እንጨት ፍለጋ የሚሄዱት ሴቶች ከዓመት ወደ ዓመት ርቀው ይጓዛሉ፤ በመንገዳቸውም አደጋ ይገጥማቸዋል፤ በስደተኛውና በነባሩ ነዋሪ መካከል ለሚነሣ ግጭትም እንጨት አንዱ ምክንያት ሆኗል። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ትልቅ መንግሥታዊ ተቋም በመኪና የተጫነ ማገዶ ቢያነድ፣ እናቲቱ በራሷ ተሸክማ የምታመጣውን እንጨት መንጠቁ ነው።

መውጫው ምንድን ነው? አንደኛ፣ እሳቱ የታጠረ ምድጃ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ በአገራችን የተሠራጨው ምርጥ የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። ለትልቅ ወጥ ቤት የሚስማማ፣ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ መገንባት ደግሞ የግቢው የምህንድስና ተማሪዎችና የከተማው ግንበኞች አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ መብራት በማይቆራረጥባቸው ሰዓታት የኤሌክትሪክ ምጣድን ማሠራት ነው። ሦስተኛ፣ ባዮጋዝ ነው።

በባዮጋዝ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። የምግብ ትራፊ፣ የከብት እበትና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚነድ ጋዝ ይሰጣል፤ የሚቀረው ዝቃጭም ማዳበሪያ ይሆናል። ሥራውን የሚሠሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ሙቀት ይወዳሉ። በደጋ ብርድ የሚያዘግመው ብልኃት በጋምቤላ ሙቀት ይፈጥናል ማለት ነው። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የኪጋሊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያዎች በሺሕ የሚቆጠሩ እስረኞችን በያዙ ወህኒ ቤቶች ውስጥ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶችን ገንብተው፣ ወጥ ቤቶቹ የማገዶ ፍጆታቸውን በግማሽ ያህል እንዲቀንሱ አድርገዋል። ወህኒ ቤት የቻለውን ዩኒቨርሲቲ አይችልም የሚል ሰው ካለ ምክንያቱን ያስረዳ።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል ልንጠቅሰው የሚገባ ነገር አለ። በከተማው ውስጥ እንጨትና ከሰል ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ድኾች አሉ። ወጥ ቤቱ ከማገዶ ሲላቀቅ እነርሱ ገቢያቸውን እንዳያጡ፣ በምድጃ ግንባታው፣ በአትክልት ስፍራውና በችግኝ ጣቢያው ሥራ ቀዳሚ ተቀጣሪዎች ሊሆኑ ይገባል። ጫካን በድኻ ኪሳራ ማዳን አይጸናም፤ የተራበ ሰው ተመልሶ መጥረቢያውን ያነሣል።

ብክነትን መቁጠር

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ በቤተሰብ፣ በምግብ ቤትና በችርቻሮ ደረጃ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ከዚህም 290 ሚሊዮን ቶኑ የተጣለው ምግብ አብስለው በሚያቀርቡ ድርጅቶች ነው። ድርሻችን ከዚህ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ስንቆጥር ነው። በየገበታው መጨረሻ ከትሪ የተመለሰውን፣ በድስት የቀረውንና በመጋዘን የተበላሸውን ለይቶ መመዘን ከአንድ ሚዛንና ከአንድ መዝገብ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም። የሦስቱ ምክንያት የተለያየ ስለሆነ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው።

ከትሪ የሚመለሰው በአብዛኛው ስለ ጣዕሙና ስለ መጠኑ ይናገራል። የመረረ እንጀራ ወይም የቀጠነ ሽሮ ያልበላን ተማሪ «አባካኝ» ብሎ መውቀስ ጥያቄውን መሸሽ ነው። መጠኑን ለሁሉም አንድ ዓይነት ከማድረግ ይልቅ አነስ አድርጎ ጀምሮ ለፈለገ መጨመር ይሻላል። በድስት የሚቀረው ደግሞ ከቆጠራ ጉድለት ይመጣል፤ ካርድ የያዘው ሁሉ በየቀኑ አይመገብም፤ በበዓልና በፈተና ሰሞን ቁጥሩ ይለዋወጣል። ተመጋቢው ከአንድ ቀን በፊት የሚመዘገብበት ቀላል ሥርዓት ብዙ ድስት ያተርፋል። የተረፈ ንጹሕ እንጀራ በጋምቤላ ፀሐይ በአንድ ቀን ድርቆሽ ይሆናል። ይህን እናቶቻችን ያለ ማንም አስተማሪ ሲያደርጉት ኖረዋል።

በመጋዘን የሚበላሸው የበለጠ አስጊ ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቆላ በደንብ ያልደረቀ በቆሎና ለውዝ ነቀዝና ሻጋታ ይይዘዋል። ሻጋታው የሚፈጥረው መርዝም በጉበት ላይ ጉዳት የሚያደርስ፣ በማብሰል ተሟጥጦ የማይጠፋ ነው። ስለዚህ ከአካባቢ መግዛት ማለት ማድረቂያ ንጣፍ፣ አየር የማያስገባ ከረጢትና ከመሬት ከፍ ያለ መጋዘን አስቀድሞ ማዘጋጀት ማለት ነው። ዓሣም ያለ በረዶና ያለ ማቀዝቀዣ በዚያ ሙቀት ግማሽ ቀን አይቆይም። ይህን ሳያደላድሉ በችኮላ መነሣት ተማሪውን ለበሽታ፣ መልካሙን ሐሳብ ደግሞ ለመሳለቂያ ያጋልጣል።

አምራቹ እንዴት ይደርሳል?

ዓመታዊው ጨረታ በሺሕ ኩንታል አንድ ጊዜ ሲወጣ፣ የጨረታ ማስከበሪያ አስይዞ፣ መኪና አቁሞ፣ ክፍያውን ለወራት ጠብቆ መወዳደር የሚችለው ባለ ብዙ ገንዘብ ነጋዴ ነው። ዓሣ አጥማጁ ጠዋት የያዘውን ማታ ካልሸጠ ቤተሰቡ አያድርም፤ ለክፍያ ሁለት ወር ጠብቅ ቢባል ይተወዋል። ስለሆነም ግዢው በአነስተኛ መጠን ተከፋፍሎ፣ አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ ውሉ ከዘር ወቅት በፊት ተፈርሞ፣ ክፍያውም በአጭር ቀናት ውስጥ ሊፈጸም ይገባል። በሌሎች ክልሎች የገበሬዎች ዩኒየኖች ለዩኒቨርሲቲዎች እህል ሲያቀርቡ ታይቷል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ የትምህርት ቤት ምገባ ከሚያገኘው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ ገበሬዎች ምርት እንዲገዛበት ደንግጋለች። ቁጥሩ በሕግ ሲጻፍ የግዢ ሠራተኛውም መልካም ፈቃዱን ከመጠበቅ ይድናል፤ አምራቹም ተማምኖ ይዘራል።

የቀበሌ ነዋሪው ግን አንድ ተገቢ ሥጋት አለው። «ዩኒቨርሲቲው ዓሣውንና በቆሎውን ጠራርጎ ከገዛ እኛ ምን እንበላለን? ዋጋውስ የት ይደርሳል?» ይላል። ሥጋቱ መሠረት አለው። ትልቅ ሸማች ወደ ትንሽ ገበያ ሲገባ ዋጋ ይወጣል፤ የሚጎዳውም በየቀኑ የሚሸምተው ድኻ ነው። መልሱ ዩኒቨርሲቲው ከዕለት ገበያ እንዳይሸምት፣ በተለይም እህል በሚወደድበት የክረምት ወራት እጁን ከገበያ እንዲሰበስብ ማድረግ ነው። ውሉ በቅድሚያ በሚመረት ተጨማሪ ምርት ላይ መመሥረት ይኖርበታል። በቅድሚያ ውል የታረሰው ተጨማሪ ማሳ ለገበያውም ይተርፋል፤ ጭማሪ ሳይኖር ያለውን መሻማት ግን የከተማውን ጦም ወደ ግቢው መሶብ ማዛወር ነው።

ወንዙም ወሰን አለው። የማያልቅ የሚመስል ሀብት እንዴት እንደሚያልቅ የሐረማያ ሐይቅ አስተምሮናል። በአገሪቱ ቀዳሚ በሆነው የግብርና ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የነበረው ያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ውኃ ያለ ልክ ሲቀዳ ኖሮ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ታይቷል። ውኃው በቅርብ ዓመታት ሲመለስም ትምህርቱ መረሳት የለበትም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ዩኒቨርሲቲው ከጠባብ መረብ የወጣ ጫጩት ዓሣ አልቀበልም ቢል፣ በመራቢያ ወራትም ግዢውን ቢቀንስ፣ ከብዙ ቁጥጥር የበለጠ ሥራ ይሠራል። የሥነ ሕይወት ተማሪው የወንዙን ዓሣ መቁጠር የመመረቂያ ጥናቱ ቢያደርገው ዕውቀትና ማዕድ ይገናኛሉ።

ቁጠባው ከማን ላይ?

ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት መርሕ ይህ ነው፦ ከተሻለ ምድጃ፣ ከትክክለኛ ቆጠራና ከአጭር መንገድ የሚገኘው ቁጠባ ወደ ተማሪው ትሪና ወደ ሠራተኛው ኑሮ ይመለስ። «አካባቢን መጠበቅ» በሚል ስም ጭልፋውን ማሳነስ፣ ሥጋውን ማስቀረት፣ ወይም የወጥ ቤት ሠራተኛ መቀነስ የተደበቀ ንጥቂያ ነው። በአብዛኛው ሴቶች የሆኑት ጋጋሪዎችና ወጥ ሠራተኞች ከሌሊቱ ጀምረው በ40 ዲግሪ ሙቀት ላይ የእሳት ሙቀት ጨምረው ይሠራሉ። ጭሱ ሳንባቸውንና ዓይናቸውን ይጎዳል። ጭስ አልባው ምድጃ መጀመሪያ የእነርሱ ጤና ጉዳይ፣ ቀጥሎ የዛፉ ጉዳይ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ስለ ቅልቅሉ፣ ስለ እርሾው፣ ስለሚተርፈው ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ያለ እነርሱ የሚሰበሰብ የምግብ ኮሚቴ ግማሽ ኮሚቴ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሥራው ድርሻ እንደሚከተለው ሊከፈል ይችላል። የግቢው አስተዳደር በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ትራፊውንና ማገዶውን ይመዝን፣ ውጤቱንም በግልጽ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ሠራተኞቹና ተማሪዎቹ በመረጧቸው ተወካዮች አማካይነት የሳምንቱን የምግብ ዝርዝር አብረው ያውጡ። የዓሣ አጥማጆች፣ የገበሬዎችና የሴቶች ማኅበራት በሚያቀርቡት መጠንና ጥራት ላይ ተነጋግረው በአንድ ሰብል ይጀምሩ፤ ተሳክቶ ሲታይ ሁለተኛው ይጨመር። የቀበሌ ነዋሪዎችና እድሮች የገበያውን ዋጋ እየተከታተሉ ግዢው ድኻውን መጉዳት በጀመረ ጊዜ ድምፃቸውን ያሰሙ። የክልሉ መንግሥት መጋዘኑንና የበረዶውን ቤት በማቋቋም ያግዝ።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አይጠናቀቅም፤ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ምድጃና በአንድ ሚዛን ግን ዛሬ ሊጀመር ይችላል። ጋምቤላ የሌላው ሀብት ማለፊያ ሆና የኖረችበት ዘመን ይበቃል። በባሮ ውኃ የለማው እህል፣ በባሮ ልጆች እጅ ተዘጋጅቶ፣ ከአራቱም ማዕዘን የመጣው የኢትዮጵያ ወጣት በአንድ ገበታ ይመገበው። የቀበሌ ነዋሪዎች፣ ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና አምራቾች ለዚህ ተግባር በአንድነት እንነሣ!